ድምፄ የከተማው ወሰን ላይ ይወርዳል፦ ለሮተርዳም–ዴን ሃግ ሜትሮፖሊታን ክልል ግልጽ ደብዳቤ

ለሮተርዳም–ዴን ሃግ ሜትሮፖሊታን ክልል የአስተዳደር ቦርድ
ሮተርዳም

ግልባጭ፦ በክልሉ ከተሞች ለምትኖሩ ወገኖቼ በሙሉ

ጉዳዩ፦ ክልሉን የምንጠቀምበት ነዋሪዎች በክልሉ ውሳኔ ላይ ድምፅ እንዲኖረን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ከንቲባዎችና የከተማ አስተዳደር አባላት፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ በኔዘርላንድኛም ጽፌ ልኬላችኋለሁ። በአማርኛ የማወጣው የእኔ ቢጤዎች እንዲያነቡት ነው። የኔዘርላንድ ፓስፖርት ሳይኖራቸው እዚህ የሚኖሩ፣ የሚሠሩና ግብር የሚከፍሉ ወገኖች ብዙ ናቸው፤ ጉዳዩም የእነሱ ነው። ክልሉ የምለው የሮተርዳምና የዴን ሃግ አካባቢ ማዘጋጃ ቤቶች በጋራ ያቋቋሙትን፣ ሜትሮውንና አውቶቡሱን የሚያስተዳድረውን አካል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምኖረው ከሮተርዳም በስተ ምዕራብ፣ ወደ ባሕር በሚወስደው ውኃ ዳር ከተደረደሩት ሦስት ከተሞች፣ ከስኪዳም፣ ከፍላርዲንገንና ከማስላይስ፣ በአንዷ ነው። እንጀራዬ ዴን ሃግ ነው፤ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት እሠራለሁ። ቤተ ክርስቲያን የምስመው ሮተርዳም ነው። ልጄ የሚማረው ዴልፍት ነው። ማታ ወደ ሥራ ስወጣ ከሰፈሬ ሜትሮ እሳፈርና ሮተርዳም መሐል፣ ቤርስ ጣቢያ ወርጄ ኢ የተባለውን መስመር እይዛለሁ። ከብላይዶርፕ በኋላ ከተማው ይሳሳል፤ ከዚያ በበርከልና በፓይናከር በኩል ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚበራባቸው የአትክልት መስታወት ቤቶች ይታያሉ። ላንሲንገርላንድን፣ ፓይናከር-ኖትዶርፕን፣ ላይድስኸንዳም-ፎርበርግን አቋርጬ ዴን ሃግ ማዕከላዊ ጣቢያ እደርሳለሁ። በአንድ ምሽት የስንት ማዘጋጃ ቤት ወሰን እንደማልፍ ቆጥሬ አላውቅም ነበር፤ ለዚህ ደብዳቤ ብዬ ስቆጥር ከአምስት በላይ ሆነብኝ። ሜትሮው ግን አንዱም ወሰን ላይ አይቆምም።

ይህ የእናንተና ከእናንተ በፊት የነበሩት ሥራ ነው፤ አመሰግናለሁ። ሮተርዳምና ዴን ሃግ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ የተራራቁ፣ ለዘመናት ጀርባ ተሰጣጥተው የኖሩ ከተሞች ናቸው፤ አንዷ የወደብና የላብ አደር፣ ሌላዋ የመንግሥትና የፍርድ ቤት። በመካከላቸው የነበረው አሮጌ የባቡር ሐዲድ በ2006 ለሜትሮ መዋሉና ሁለቱ ከተሞች አንድ መስመር መጋራታቸው ትንሽ ነገር አይደለም። አሥሩን ዓመት በዚያ መስመር ላይ የኖርኩ ሰው ነኝና ትብብራችሁ ይፍረስ የሚል ቃል ከእኔ አይወጣም። የምጠይቀው ሌላ ነው።

በማርች 2014 በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ስጋት ድምፅ ሰጠሁ። የኔዘርላንድ ሕግ የውጭ አገር ዜጋ ለአምስት ዓመት ሳያቋርጥ በሕጋዊ መንገድ ከኖረ የማዘጋጃ ቤት ምክር ቤቱን እንዲመርጥ ይፈቅድለታል። የጥሪ ካርዱ በፖስታ ሲመጣ ሁለቴ አነበብኩት፤ ስሜን በትክክል ጽፈውታል። በምርጫው ቀን ለቡድን ስፖርት አዳራሽ በሚያገለግል ክፍል ውስጥ ቀይ እርሳስ ሰጡኝ። ያ ቀይ እርሳስ በክር ታስሮ ነበር። አንዲት ነጭ ክብ አጥቁሪ አሉኝ፤ በቀይ አጠቆርኩ። ማታ የድምፁን ቆጠራ በቴሌቪዥን እያየሁ ሥራ ገባሁ።

የፓርላማ ምርጫ አይመለከተኝም፤ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤትም እንዲሁ። እነዚያ የዜጎች ናቸው፤ እሺ ብያለሁ። ዜግነት ለምን አልወሰድሽም የሚሉኝ አሉ። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይቀበልም፤ እናቴ ገና በሕይወት አለች፤ ከዚህ በላይ ማብራራት አልፈልግም። ብቻ በዚህ አገር ካለኝ የመንግሥት በር ሰፊው የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ምክር ቤቱ ላይ ያለኝ ድምፅ ቢሳሳ የሚሳሳው ብቸኛው ትልቅ ድምፄ ነው። ይህን እንድትረዱልኝ ነው ሦስት ገጽ የምጽፈው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የእናንተ ክልል ተቋቋመ፤ በጃንዋሪ 2015 ሥራ ጀመረ። ያኔ 23 ማዘጋጃ ቤቶች ነበራችሁ፤ በ2023 ብሪለ፣ ሄለፉትስላይስና ዌስትፎርነ ሲዋሃዱ 21 ሆናችሁ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባችኋል። ሁለት ተግባር ይዛችኋል፤ አንዱ ትራንስፖርት፣ ሁለተኛው የአካባቢውን ኢኮኖሚ መሳብና ማሳደግ። ሁለተኛውን አልፈዋለሁ፤ የእኔን ቀን የሚወስነው የመጀመሪያው ነው። ሜትሮው፣ ትራሙ፣ አውቶቡሱ በየትኛው ድርጅት እንደሚካሄድ፣ ምን ያህል ድጎማ እንደሚያገኝ፣ የሚመጣው ዓመት የጉዞ ዕቅድ እንዴት እንደሚጸድቅ የሚወሰነው በእናንተ ዘንድ ነው። ገንዘቡም ከመንግሥት ግምጃ ቤት በቀጥታ ለእናንተ ይመጣል፤ በከተማዬ ምክር ቤት እጅ አያልፍም።

እናንተን ማን መረጣችሁ? እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ከአስተዳደሩ አንድ ሰው ይልካል። ከንቲባ ከሆነ፣ ከንቲባ በዚህ አገር በመንግሥት ይሾማል እንጂ በነዋሪ አይመረጥም። የካቢኔ አባል ከሆነ የመረጠው ምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ የእኔ ቀይ እርሳስ ምክር ቤቱን ይመርጣል፣ ምክር ቤቱ ካቢኔውን ይመርጣል፣ ከአስተዳደሩም አንድ ተወካይ ይላካል፣ ተወካዩ ከ20 ሌሎች ጋር ይቀመጣል። ድምፄ እዚያ ሲደርስ ሽታው ብቻ ይቀራል። ከየምክር ቤቱ የተውጣጡ አማካሪ ኮሚቴዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስማቸው እንደሚለው ይመክራሉ፣ አይወስኑም።

ይህ ሥርዓት ክፋት አለበት እያልኩ አይደለም። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንዲሉ፣ ማንም ሳይከፋ፣ ማንም ሳይሰርቅ፣ ሥልጣን ከሚመረጠው ቦታ ወደማይመረጠው ቦታ በጥቂት በጥቂቱ ሄዷል። አንድ ሰፈር የአውቶቡስ ማቆሚያው ሲነሳ ነዋሪው ምክር ቤት ሄዶ ሦስት ደቂቃ ይናገራል፤ ምክር ቤቱ ያዝናል፤ የተቻለው ሁሉ ለተወካዩ አደራ ማለት ነው። ጎረቤቴ፣ እንደ እኔ ስደተኛ የሆነች ብርቱ ሴት፣ በ2022 አልመርጥም ስትለኝ የሰጠችኝ ምክንያት ይሄ ነበር፤ «የመረጥኩት ሰው መልሶ እኔን ይመስላል፤ እሱም ይለምናል» አለችኝ። በዚያ ዓመት በሮተርዳም ከመራጩ ድምፅ የሰጠው 39 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሌላም ምክንያት እንዳለው አልክድም፤ የጎረቤቴ ቃል ግን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ወደ ሁክ ፋን ሆላንድ የሚሄደውን መስመር ጉዳይ ላንሳ። ታሪኩ የአደባባይ ነው። ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ባቡር ሲመላለስበት የኖረ ሐዲድ ነው። ወደ ሜትሮ ይለወጥ ተባለ፤ ሐሳቡ መልካም ነበር። በኤፕሪል 2017 ባቡሩ ቆመ፤ በሴፕቴምበር ሜትሮው ይጀምራል ተባለ። የጀመረው በሴፕቴምበር 2019 መጨረሻ ነው። አምስት ወር የተባለው ሁለት ዓመት ተኩል ሆነ፤ የስኪዳም፣ የፍላርዲንገንና የማስላይስ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ በምትክ አውቶቡስ ተመላለሰ። እስከ ባሕሩ ዳርቻ ድረስ ያለው የመጨረሻ ጣቢያ የተከፈተው በማርች 2023 ነው። የሥራው ባለቤት ክልሉ፣ ሥራውን የመራው የሮተርዳም ከተማ ነበር። በ2018 መጀመሪያ ኃላፊ የነበሩት የሮተርዳም ካቢኔ አባል በዚሁ ጉዳይ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ኃላፊነትን መውሰድ የሚከበር ነገር ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፦ የጠየቃቸው የሮተርዳም ምክር ቤት ነው። አውቶቡስ ሲጠብቅ የከረመው የማስላይስ ሰው እሳቸውን ሊያወርድም ሊያቆይም አይችልም ነበር። የመረጠው ምክር ቤት ስለ ሰውዬው ቃል የለውም፤ ቃል ያለውን ምክር ቤት እሱ አልመረጠም። ስለ ከተሞች ትብብር የሚጻፈው ሁሉ ስለ ቅልጥፍና ነው፤ የእኔ ጥያቄ ግን ነገሩ ሲበላሽ ማን ማንን ይጠይቃል የሚል ነው።

መፍትሔ የለውም እንዳይባል፣ ይህ አካባቢ አንድ ጊዜ ሞክሮት ነበር። ይህን ያወቅኩት ከምንከባከባቸው አንድ አዛውንት ነው፤ የወደብ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጡ ይነግሩኛል። በ1960ዎቹ ራይንሞንድ የሚባል አካል ነበር። በሮተርዳም ዙሪያ ያሉትን 23 ማዘጋጃ ቤቶች ያቀፈ፣ 81 አባላት ያሉት፣ ነዋሪው በቀጥታ የሚመርጠው ምክር ቤት ነበረው፤ የመጀመሪያው ምርጫ በ1965 ተካሄደ። የፔርኒስና የቦትሌክ የነዳጅ ማጣሪያዎች ጭስ የፍላርዲንገንን ሰው ሌሊት ከአልጋ የሚያስነሳበት ዘመን ነው፤ ጭስ ወሰን አያውቅምና ጥያቄውም ከወሰን በላይ ሆነ። ዛሬም ስኪዳም ተቀምጦ ሽታ አስቸገረኝ ብሎ የሚደውለውን ሰው በቀንም በሌሊትም የሚሰማው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ራይንሞንድ ራሱ ግን በከተማውና በክፍለ ሀገሩ መካከል ተጣብቆ፣ በቂ ሥልጣን ሳይሰጠው ኖሮ በ1986 ተዘጋ።

1986 ማለት ደግሞ የውጭ አገር ዜጎች ለመጀመሪያ ጊዜ የማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት የመረጡበት ዓመት ነው። አዛውንቱ ይህን ሲነግሩኝ መድኃኒት እየቆጠርኩ ነበር፤ ቁጥሩ ጠፋብኝና እንደገና ጀመርኩ። ለእኛ የከተማው በር በተከፈተበት ዓመት የክልሉ በር ለሁሉም ተዘጋ። ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም። ግን ሆኗል፤ እስከ ዛሬም አልተከፈተም።

በ1995 ሌላ ሙከራ ነበር፤ ሮተርዳምን ወደ ትናንሽ ማዘጋጃ ቤቶች ከፋፍሎ የከተማ ክፍለ ሀገር የማቋቋም ዕቅድ። ሕዝቡ ተጠየቀ፤ ከመቶ 86 በላይ የሚሆነው አይሆንም አለ። አምስተርዳምም ከሳምንታት በፊት እንዲሁ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ሲነሳ «ሕዝቡ ክልል አይፈልግም» የሚል መልስ ይሰማል። እኔ ግን ሕዝቡ ያልፈለገው ከተማው መበጣጠሱን ነው ብዬ አምናለሁ። ከተማህ ትፍረስ ተብሎ ለተጠየቀ ሰው ሌላ ምን መልስ ይጠበቃል? ሜትሮህን የሚያስተዳድሩትን ትመርጣለህ ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሰው የለም።

ሩቅ አገር ሳልሄድ አንድ ምሳሌ አለኝ፤ እግራችን ሥር ያለው። የምንኖርበት መሬት ከባሕር በታች ነው። ውኃውን የሚጠብቀው፣ የሚቀዳው፣ የሚያጣራው የዴልፍላንድ የውኃ ቦርድ ነው፤ ታሪኩ እስከ 1289 ይደርሳል። ማስላይስን፣ ፍላርዲንገንን፣ ዴልፍትን፣ ዴን ሃግን፣ ዌስትላንድን ያቋርጣል፤ የማዘጋጃ ቤት ወሰን አይገድበውም። ነዋሪው ደግሞ ከጥቂት ለተወሰኑ ወገኖች ከተጠበቁ መቀመጫዎች በቀር የቦርዱን አባላት በቀጥታ ይመርጣል። እኔ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዝኩት፣ በሕጋዊ መንገድ ስለምኖር በማርች 2023 መርጫለሁ። የክፍለ ሀገሩ ምርጫ በዚያው ቀን፣ በዚያው ክፍል ነበር፤ ለጎኔ ሰው ሁለት ወረቀት ሰጡት፣ ለእኔ አንድ። አንዷን ወረቀት ግን በኩራት ሞላኋት። ታዲያ ከወሰን በላይ የሚፈሰውን ውኃ የሚያስተዳድረውን መምረጥ የምችል ሰው፣ ከወሰን በላይ የሚሄደውን ሜትሮ የሚያስተዳድረውን ለምን አልመርጥም? ይህን ጥያቄ ለብዙ የተማሩ ሰዎች አቅርቤያለሁ፤ «ታሪክ ነው» ከማለት ሌላ መልስ የሰጠኝ የለም።

ሌሎች ከተሞችም መንገድ አግኝተዋል። ጀርመን ውስጥ የሽቱትጋርት ክልል ከ1994 ጀምሮ በቀጥታ የሚመረጥ ጉባኤ አለው፤ 179 ማዘጋጃ ቤቶችን ያቀፈ ነው፤ የከተማ ዳርቻውን ባቡር የሚያስተዳድረውም እሱ ነው። ያ አካባቢ በ2019 ሕዝቡን ግራ ያጋባ የነበረውን 52 የትኬት ዞን ወደ 5 ቀለበት አውርዷል። የፈረንሳይዋ ሊዮን በ2020 የሜትሮፖል ምክር ቤቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አስመርጣለች። በታላቋ ማንቸስተር አሥር የአካባቢ አስተዳደሮች ከ2017 ወዲህ አንድ የተመረጠ ከንቲባ አላቸው፤ አውቶቡሶቹን ወደ ሕዝብ ቁጥጥር የመለሰው ሥራ የተፈጸመውም በእሱ ጊዜ ነው፤ ሰዉ ማንን ማመስገንም ሆነ መውቀስ እንዳለበት ያውቃል። ነገር ግን ኢትዮጵያዊት ሆኜ ሽቱትጋርት ወይም ሊዮን ብኖር ድምፅ አልነበረኝም፤ የማዘጋጃ ቤቱ እንኳ። ኔዘርላንድ በዚህ ትቀድማቸዋለች። የማዝነው ለዚህ ነው፤ የቀደመችበት ድምፅ በማይደርስበት ቦታ ላይ ውሳኔውን አስቀመጠችው።

ሕጉን መለወጥ በእጃችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የፓርላማው ነው። ጥያቄውን ወደ ፓርላማው የመውሰድ አቅም ግን አላችሁ፤ የ21 ከተሞች ፊርማ ያለበት ደብዳቤ በአንዲት የሌሊት ሠራተኛ ከተጻፈው ይከብዳል። የመጀመሪያ ልመናዬ ይህን እንድታደርጉ ነው፤ የውኃ ቦርዱን ምሳሌ ይዛችሁ፣ የውጭ አገር ዜጋ ነዋሪውንም ጨምራችሁ።

እስከዚያው በእጃችሁ ያለ ነገር አለ። ከጁላይ 2022 ጀምሮ የማዘጋጃ ቤቶችን የጋራ አካላት የሚገዛው ሕግ ተሻሽሏል፤ ምክር ቤቶች በረቂቅ በጀታችሁ ላይ አስተያየት የሚሰጡበት ጊዜ ከ8 ወደ 12 ሳምንት ረዝሟል፤ ከበጀት ውጭ በየትኞቹ ውሳኔዎች ላይ አስቀድመው እንደሚጠየቁ፣ ነዋሪውም እንዴት እንደሚሳተፍ በመመሥረቻ ሰነዳችሁ እንድትጽፉ ያዛል። የየዓመቱን የጉዞ ዕቅድ በዚያ ውስጥ አስገቡት። መስመር የሚቋረጥበት፣ ማቆሚያ የሚነሳበት ከተማ ምክር ቤት ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት በአደባባይ ይወያይበት፤ በበጋ ዕረፍት መሐል ሳይሆን ሰው ባለበት ወቅት። የተሳፋሪ ተወካዮች ኮሚቴ አስተያየት እንደሚሰጥ አውቃለሁ፤ እሱ ተሳፋሪን ይወክላል፣ ከአውቶቡስ ያስወጣችሁትን ሰው ግን አይደለም፤ እሱ ተሳፋሪ መሆኑ ቀርቷልና።

ሌላው ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። እያንዳንዱ ከተማ የላከው ተወካይ በቦርዱ ስብሰባ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ፣ ለምን እንደሰጠ በወሩ ውስጥ ለከተማው ምክር ቤት በቃል ያስረዳ። በሰነድ ማያያዣ አይበቃም። ቆሞ፣ ሰው ፊት። እኔ ሌሊት የሠራሁትን ጠዋት ለተረካቢዋ በቃል ሳላስረክብ ከሥራ አልወጣም፤ የአቶ እከሌ ትኩሳት፣ የወይዘሮ እከሊት አለመብላት አንድ በአንድ ይነገራል። ወረቀቱ እያለ ለምን በቃል ይባላል ቢባል፣ ፊት ለፊት የሚጠየቅ ሰው ሌላ ነው።

ለወገኖቼ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ስንገናኝ ስለ አዲስ አበባ ቀላል ባቡርና ስለ ኮሪደር ልማቱ ሰዓት ሙሉ እንከራከራለን፤ ክርክሩን እወደዋለሁ። እዚህ የምንሳፈርበትን ግን የሚወስነው ማን እንደሆነ የጠየቅኳቸው ሁሉ «መንግሥት» አሉኝ። መንግሥት አይደለም፤ የከተማችሁ ሰው እዚያ ወንበር አለው። ስሙን ፈልጉ። አምስት ዓመት የሞላችሁ የጥሪ ካርዱን አትጣሉ። የምክር ቤት ምርጫ በየአራት ዓመቱ ማርች ላይ ነው፤ ዕጩዎች ገበያ ላይ ወረቀትና አበባ ይዘው ሲቆሙ «ወደ ክልሉ ቦርድ የምትልኩትን ሰው እንዴት ትቆጣጠሩታላችሁ?» በሏቸው። በተሰባበረ ኔዘርላንድኛ ቢሆንም ይገባቸዋል። እኔ ጠይቄ አይቻለሁ፤ አንዱ ዕጩ ደብተር አውጥቶ ጻፈው።

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣ መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ሲደርሰኝ ወደ አማርኛ መልሼ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ አነብላቸዋለሁ። ከእናንተ አንዱ ራሱ መጥቶ ሊያስረዳ ቢፈቅድ ደግሞ ወንበርም ቡናም አለን፤ ከጣቢያው በእግር ሩቅ አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሌሊት ተሳፋሪያችሁ